የአያቴ ደረሰኞች

አያቴ ስታርፍ ከአልጋዋ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘን። የአጎቴ ልጅ ወርቅ መስሎት ተሻምቶ ከፈተው። ውስጡ ወረቀት ብቻ ነበር፤ በክር የታሰረ የቀበሌ ቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ ዓመት በዓመት። አብዛኞቹ ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ተጽፏል፦ 8 ብር። በወር ማለት ነው! ዛሬ 8 ብር አንድ ማኪያቶ አይገዛም።

ይህ 8 ብር ከየት እንደመጣ ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ እንሂድ። (ዓመቶቹ በሙሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር ፕላን አልነበራትም፤ ሰፈር ነበራት። ምኒልክ ለመኳንንቱ ቦታ ሰጡ። መኳንንቱ ከፍ ከፍ ያለውን ያዙ፤ ወታደሩ፣ አሽከሩና እንጨት ፈላጩ በዙሪያቸው ጎጆ ቀለሰ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። ፍትሕ ነበረ ማለቴ አይደለም፤ ደሀው የጌታው ጥገኛ ነበር። ግን ሀብታምና ደሀ አጥር ተጋርተው ኖሩ።

ይህን ድብልቅ በፕላን ሊለያይ የተነሣው ጣሊያን ነው። በ1928 ከተማዋን ከያዘ በኋላ ያስነደፈው ፕላን አውሮፓዊውን በአንድ ወገን፣ አበሻውን በሌላ ወገን የሚያሰፍር ነበር። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፋ፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው እሱ ነው። በ1933 ጣሊያን ሲባረር ፕላኑ ገና በጅምር ነበር። መርካቶ ቀረ፤ ሰፈሮቹም እንደተደባለቁ ቀሩ።

ትልቁ ለውጥ ሐምሌ 19 ቀን 1967 መጣ። አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ፤ ትርፉ ተወረሰ። ከተወረሱት ውስጥ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ኪራይም ተቀነሰ፤ የዝቅተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ። አያቴ ለአከራይዋ 16 ብር ትከፍል ነበር። 8 ብሩ የመጣው በዚህ ነው። ያን ቀን እልል ብላ እንደነበር እስክትሞት ድረስ ትናገር ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? በ8 ብር ጣሪያ አይታደስም። ቀበሌው ከእንዲህ ያለ ኪራይ የማደሻ ገንዘብ ሊያጠራቅም አይችልም። ተከራዩም «ነገ የኔ ላልሆነ ቤት» እያለ እጁን ይሰበስባል። አዋጁ ቤት ማከራየትን ለመንግሥት ብቻ ስለተወው፣ ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ግለሰብም ጠፋ። ልጆች ተወለዱ፣ አገቡ፣ ወለዱ፤ ሁሉም እዚያችው ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ውስጥ። ኪራዩ የረከሰው በጣሪያውና በግድግዳው ሒሳብ ነበር ማለት ይቻላል።

ግን ያ ቤት ፒያሳ ነበር! አያቴ እንጀራ ጋግራ በእግሯ ለምግብ ቤቶች ታደርስ ነበር። እድሯም፣ እቁቧም፣ ቤተ ክርስቲያኗም በአሥር ደቂቃ መንገድ ውስጥ ነበሩ። አዋጁን ያረቀቁት አስበውበትም ይሁን ሳያስቡት፣ ደሀውን መሀል ከተማ ላይ አጽንተውት ነበር።

ኮንዶሚኒየም የመጣው በ1996 ገደማ፣ አርከበ እቁባይ ከተማዋን ሲመሩ ነው። ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀመረ። በኋላ በ2005 ምዝገባ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉትን ቁጥሮች ሁላችንም ሸመደድን፦ 20ውን ትቆጥባለህ፣ 80ውን ባንክ ያበድርሃል። ከእጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለየ። ትልልቆቹ ሳይቶች ግን ባዶ ቦታ በተገኘበት ዳርቻ ወጡ፦ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ። እጣ ደግሞ ጎረቤት አያውቅም።

የእኛ ሰፈር በ2016 ሲነሣ አያቴም ከዳር አንድ ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ በሰማንያ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ሽንት ቤት ኖራት። የመጀመሪያ ሳምንት የቧንቧውን ውኃ እየከፈተች እየዘጋች ነው የዋለችው። ያንን ደስታ አይቼ «የድሮው ይሻላል» ብል ውሸታም ነኝ።

እንጀራው ግን ቆመ። ገዢዎቿ ፒያሳ ናቸዋ! እድሯ ልቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ አለባት፤ ከታክሲው በፊት ደረጃው አለ። ከአንድ ዓመት በኋላ መውረዱን ተወችው። እሷ ስትሞት ከድሮ ሰፈርተኞቿ የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሳይወዷት ቀርተው አይደለም፤ እነሱም በየአቅጣጫው ተበትነው ነው።

ስለ ርካሽ ቤት ስንከራከር «ስንት ነው?» እንላለን። ከ1967 አዋጅ የምንማረው ኪራይ ማርከስ ብቻውን ቤት እንደማያቆም ነው፤ ከኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ቤት መሥራት ብቻውን ሰፈር እንደማይሠራ። ፕላን የሚያወጣ ሰው ሁለት ነገር አብሮ ይጠይቅ፦ ማን ያድሰዋል? የት ነው የሚቆመው? መሀል ከተማ ላይ ፎቅ ሲወጣ፣ ጥቂቱ ወለል ቀድሞ እዚያ ለነበሩት ቢቀመጥ የአያቴ እንጀራ አይቋረጥም ነበር።

አንድ ቀን ዘንቢሏን ይዤላት ደረጃውን ስንወጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ልጄ፣ ቤቱስ ቤት ነው» አለችኝ። «ግን ከምን ይቀርባል?»

መልስ አልነበረኝም። ደረሰኞቹን ግን አልጣልኳቸውም።