የእንግሊዝኛን የቃላት ቅደም ተከተል በማዳመጥ መለማመድ

በአማርኛ ግሥ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ይመጣል፤ ተሳቢውም «ን» በሚለው ምልክት ይለያል። በመሆኑም «ውሻው ሰውየውን ነከሰው» እና «ሰውየውን ውሻው ነከሰው» የሚሉት ነካሹን አይለውጡም። በእንግሊዝኛ ግን ይህን የሚወስነው የቃላቱ ቦታ ነው፤ ባለቤት ይቀድማል፣ ግሥ ይከተላል፣ ተሳቢ መጨረሻ ይሆናል። «ዘ ዶግ ቢት ዘ ማን» የሚለው «ዘ ማን ቢት ዘ ዶግ» ከተባለ ነካሹ ሰውየው ይሆናል።

ይህ ልዩነት በተለይ በሥራ ቦታ ጥንቃቄ ይሻል። «ማሽኑን አትንካ» ሲባል ክልከላው መጨረሻ ላይ ይሰማል፤ «ዶንት ተች ዘ ማሽን» ሲባል ግን ገና በመጀመሪያው ቃል ያልፋል። መጨረሻውን ብቻ የሚጠብቅ አድማጭ ክልከላውን እንደ ትእዛዝ ሊረዳው ይችላል።

ለልምምድ የሚከተሉት ደረጃዎች ይጠቅማሉ፦

1. ከነጽሑፉ የቀረበ አጭር የድምፅ ዝግጅት ይምረጡ፤ ለምሳሌ ቢቢሲ በነጻ የሚያቀርበውን «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ»።
2. ጽሑፉን ሳይመለከቱ አንድ ዓረፍተ ነገር አዳምጠው ያቁሙ።
3. «ማን? ምን አደረገ? ማንን ወይም ምንን?» ለሚሉት ጥያቄዎች በዚሁ ቅደም ተከተል ይመልሱ።
4. ጥያቄ ወይም ክልከላ መሆኑን ከመጀመሪያዎቹ ቃላት ይለዩ፤ «ዩ አር ሬዲ» መግለጫ ሲሆን «አር ዩ ሬዲ» ጥያቄ ነው።
5. የሰሙትን ቅደም ተከተሉን ሳይለውጡ ድምፅዎን አሰምተው ይድገሙ፤ በመጨረሻም ከጽሑፉ ጋር ያመሳክሩ።

ማሳሰቢያ፦ በሥራ ላይ በሚገባ ያልተረዱት ትእዛዝ ሲያጋጥምዎ ከመፈጸምዎ በፊት «ፕሊዝ ሪፒት» በማለት እንዲደገምልዎ ይጠይቁ።