ስንቅም ጦር ነው፤ በጠላት ወረራ ዘመን የምዕራብ ጎጃም ሴቶች የጦር አገልግሎት

ስለ አምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚቈጥሩት ጠመንጃን ነው። ይህ አዝማች ይህን ያህል ነፍጥ ነበረው፤ ያኛው ምሽግ በዚህን ያህል መትረየስ ይጠበቅ ነበር፤ በዚህ ቀን ይህን ያህል ሰው ወደቀ ይላሉ። ቈጠራው አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ነፍጥ ያልያዘ ሰው ሁሉ ከቈጠራው ስለሚወጣ፣ ሠራዊቱን በእግሩ ያቆመው ብዙ ሕዝብ ከታሪኩ ሳይገባ ቀርቷል። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ለማስረዳት የምንፈልገው ከቡሬ እስከ ደምበጫ ባለው አገር ሴቶች ለአርበኛው የሰጡት አገልግሎት ትክክለኛ ስሙ የጦር አገልግሎት መሆኑን ነው።

አስቀድመን አገሩንና ዘመኑን እናሳይ። ስፍራው ከጥንት ጀምሮ ዳሞት በመባል የታወቀው ነው። ከቡሬ የተነሣ መንገደኛ በማንኩሳ፣ ቀድሞ ወጀት ይባል በነበረው በፍኖተ ሰላም፣ በጅጋና በደምበጫ አልፎ ደብረ ማርቆስ ይገባል። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ጎጃምን ከያዙ በኋላ በዚህ መስመር ላይ ምሽጎች ሠሩ፤ ከእነዚህም የቡሬው ከዋነኞቹ አንዱ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ሕዝቡ በሰፊው አልተነሣም። ይሁን እንጂ መሣሪያ የማስፈታቱ ግፊት፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የደረሰው ፍጅት፣ በየመንደሩም በባላገሩና በሴቶች ክብር ላይ የተፈጸመው ግፍ ተደራርበው በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በሰፊው ዐመፀ። በምዕራቡ ወገን ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ስማቸው የገነነ የአርበኛ አለቆች ሆኑ። ከዚያን ጊዜ እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ጠላት ምሽጉንና መንገዱን ሲይዝ፣ ከመንገዱ ራቅ ያለው ገጠር በአብዛኛው በአርበኛው እጅ ነበረ።

ሴቶች ከጦር ጋር መዝመታቸው በዚያ ዘመን የተጀመረ አይደለም። በአገራችን የቀድሞ ልማድ ዘመቻ ሲታወጅ ወታደሩ ስንቁን ከቤቱ ይዞ የሚነሣ ነበርና፣ ከሠራዊቱ ኋላ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ገንቦ ተሸካሚዋ አብራ ትጓዛለች። እቴጌ ጣይቱም በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጭፍራ አስከትለው ዘምተዋል። በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ የመሸገው የጣሊያን ጦር ውኃው እንዲያዝበት ያደረገው ምክር የእርሳቸው እንደ ነበረ በታሪክ የታወቀ ነው። በዐድዋም ዕለት ሴቶቹ ለተዋጊውና ለቍስለኛው ውኃ ያቀብሉ ነበር። ስለዚህ የዳሞት ሴት በ1930 ዓ.ም. የያዘችው ሥራ ከእናቷና ከአያቷ የወረሰችው ነበር። ልዩነቱ ግን አለ። የዐድዋው ጦር በንጉሥ ዐዋጅ ተነሥቶ፣ በንጉሥ ግምጃ ቤት እየታገዘ፣ ለተወሰነ ወራት የዘመተ ነው። የጎጃም አርበኛ ግን ግምጃ ቤት አልነበረውም፤ የዘመቻውም ማብቂያ አይታወቅም ነበር።

ነገሩን በስሌት እንመልከተው። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ዱቄት ይበቃዋል እንበል። እንግዲያው 500 ሰው ያለበት ጭፍራ በቀን 250 ኪሎ፣ በወርም 75 ኩንታል ዱቄት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ዳጉሳ፣ ጤፍ፣ ገብስና በቆሎ በእጅ ወፍጮ የሚፈጭ ነበረ። መጁን ይዛ በወፍጮው ላይ የምታጎነብሰው ሴት ቀን የእርሻውንና የልጆቹን ነገር ስታይ ትውልና ሌሊቱን ትፈጫለች። በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹና በርበሬው ተዘጋጅቶ በስልቻ ከታሰረ በኋላም አርበኛው ወዳለበት ዋሻና ጫካ የሚያደርሰው ሰው ያስፈልጋል። ይህንንም በአብዛኛው በጀርባዋ የተሸከመች ሴት ታደርሰዋለች። እንግዲህ አንድ ጭፍራ በዱር ስንት ቀን ሊቈይ እንደሚችል የሚወስነው የጥይቱ ብዛት ብቻ አልነበረም። ከጫካው በታች ባሉት መንደሮች ስንት ወፍጮ ይፈጫል የሚለውም ጥያቄ ነበር።

ከዚህ አንድ የጦር ስልት ጉዳይ ይከተላል። ወፍጮ ከባድ ድንጋይ ነው፤ እንደ ጠመንጃ በትከሻ አንግተውት አይሮጡም። ምጣዱም ጭስ አለው፤ ጭሱ ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ አርበኛው ሊሸሽ ሲችል የሚመግበው ቤት ሊሸሽ አይችልም። ጠላትም ይህን ያውቅ ነበር። ቤት ማቃጠል፣ እህል ማጥፋትና ከብት መንዳት የጣሊያን ጦር በገጠር የሚያደርገው አሰሳ ተራ ልማድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አርበኛውን ሊይዝ ያልቻለ ጦር የአርበኛውን ግምጃ ቤት ይመታ ነበር፤ ግምጃ ቤቱ ደግሞ የአንዲት ሴት ጓዳ ነው። ያን ጊዜ ልጇን አዝላ፣ የተረፈውን እህል ተሸክማ ወደ ቈላ የምትወርደዋ ሴት በሁለት ግንባር መካከል ያለች ተሰላፊ ናት።

ከስንቁ ሌላ ሁለት አገልግሎቶች አሉ። አንደኛው ቍስለኛን መያዝ ነው። አርበኛው ሐኪም ቤት አልነበረውም፤ የቈሰለው ሰው በሌሊት ወደ አንድ ቤት ይገባል፤ ቍስሉ በፈላ ውኃ ይታጠባል፤ ቅቤ ይደረግበታል፤ ከነጠላ በተቀደደ ጨርቅ ይታሰራል። ባንዳ ቤቱን ቢፈትሽ ቍስለኛውም አስታማሚይቱም እኩል ይቀጣሉ። ሁለተኛው ወሬ ማቀበል ነው። ወንድ ወደ ምሽግ ሲቀርብ ይፈተሻል፤ ይጠረጠራል። በርበሬዋንና ጨዋን ተሸክማ ገበያ የምትሄድ ሴት ግን የገበያተኛ ነገር ሆኖ ትታለፋለች። ጠላ ቤት ያላት ሴትም የወታደሩን ጨዋታ እየሰማች ነገ ማን ወዴት እንደሚወጣ ታውቃለች። በአገራችን «የውስጥ አርበኛ» የተባለው ስም የተሰጠው እንዲህ ላለው ሥራ ነው። ጥይትም ቢሆን ከጠላት ወታደር እየተገዛ በእህል ስልቻ ውስጥ ተደብቆ ወደ ዱር ይወጣ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸሸግ የለብንም። ይህ ሁሉ በፈቃድ ብቻ የተደረገ ነው ብንል እውነቱን እናጐድላለን። ገበሬው ቀን ለጠላት ሲገብር ማታ ለአርበኛ ይቀልብ ነበር። አርበኛው በሩን መትቶ «እህል አውጡ» ሲል እምቢ ማለት የሚቻልበት ጊዜ ጥቂት ነበር። ጓዳዋ የተራቈተባት፣ ለልጆቿ ያስቀመጠችውን ዘር የሰጠች ሴት በእልልታ ሰጠች ብለን ልንጽፍ አይገባንም። ነገር ግን ይህ አገልግሎቷን አያሳንሰውም። በዐዋጅ ተገድዶ የዘመተን ወንድ «ወታደር አልነበረም» የሚለው የለምና፣ ተገድዳ የመገበችውንም በዚያው ሚዛን መመዘን ይገባል።

ነፍጥ ይዘው የተዋጉ ሴቶችም ነበሩ። ስማቸው በሰፊው የታወቀው አብዛኞቹ ከሸዋ ናቸው። የልዑል ራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ ከተገደሉ በኋላ የቀረውን ጦር እየመሩ ተዋግተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ሀብታቸውን ለአርበኞች አውለው፣ ተይዘው ወደ ጣሊያን አገር ተግዘው፣ ከተመለሱም በኋላ የአዲስ ዓለምን ምሽግ ካጠቁት ጋር ተሰልፈዋል። የእነዚህ ስም የቀረልን ጀግንነታቸው ስለ በዛ ብቻ አይደለም። የታወቀ ዘር፣ የታወቀ ሀብት፣ ወይም ለዋና ከተማው መቅረብ ነበራቸውና ጸሓፊ አገኙ። የጅጋ ገበሬ ሚስት ባሏ ሲወድቅ ጠመንጃውን አንሥታ ብትተኵስ፣ ወሬው ከአጥቢያዋ አልፎ አይሄድም። ቋንቋችንም ራሱ ይህን መሰወር ያግዛል። ደፋርዋን ሴት ስናመሰግን «ወንድ ናት» እንላለን፤ በዚህም ምስጋናውን ሰጥተን ሴትነቷን እንነሣታለን።

አሁን ወደ 1933 ዓ.ም. እንምጣ፤ የነገሩ ክብደት ከሁሉ ይልቅ በዚያ ይታያልና። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር ወር ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ወደ በላያ ሲያመሩ፣ በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራውና በመጽሐፍ ቅዱሱ ጌዴዎን ስም የተጠራው ጦር ቀድሞ ወደ ቡሬ ገሠገሠ። ይህ ጦር 2 ሺህ ያህል ሰው ነበረው። ስንቁንና መሣሪያውን ለማጓጓዝ በዘመቻው 15 ሺህ ያህል ግመሎች ከሱዳን እንደ ተነዱ ተጽፏል፤ ግመሎቹም በአቀበቱ፣ በደጋው ብርድና በድካም አብዛኞቹ አለቁ። በቡሬ የነበረው የኮሎኔል ናታሌ ጦር የካቲት 25 ቀን ምሽጉን ለቅቆ ወደ ደምበጫ ሲያፈገፍግ፣ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ባታሊዮን በመንገዱ ላይ ተጋጥሞት ከባድ ጉዳት ደረሰበት። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ።

እንግዲህ እናስተያየው። ለ2 ሺህ ሰው ለጥቂት ወራት ያን ያህል ግመል ካስፈለገ፣ በዚያው አገር ከዚያ የሚበዛው አርበኛ ለሦስት ዓመት በምን ቈየ? ግመል አልነበረውም፤ መኪና አልነበረውም። የነበረው በየጎጡ የሚፈጨው ወፍጮና ስልቻ የሚሸከመው ጀርባ ነበር። የጠላት ወገን እንኳ ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ በጣሊያን ሥር የነበሩ የቅኝ ግዛት ወታደሮች ብዙዎቹ ሚስትና ልጅ አስከትለው ይሰፍሩ ስለ ነበር ምግባቸው የሚዘጋጀው በሴቶቹ እጅ ነው። የግመል ነጂው ስም ግን በደመወዝ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የስልቻ ተሸካሚዋ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለችም።

የሚቃወመን ሰው «መፍጨትና መጋገር በሰላሙም ጊዜ የሴት ሥራ ነው፤ ታዲያ ጦር ስለ መጣ ውትድርና ይባላልን?» ሊለን ይችላል። የምንመልሰው ይህን ነው። በዘመናዊ ሠራዊት ስንቅ የሚያከፋፍለው መኰንን፣ ወጥ የሚሠራው ወታደርና ቍስለኛ የሚያነሣው ሰው ማዕረግ አላቸው፤ ጡረታም ያገኛሉ። ሥራው ያው ነው፤ የተለወጠው የሠሪው ጾታ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊም ዳዊት ዐማሌቃውያንን ድል አድርጎ ሲመለስ፣ ደክመው በወንዙ አጠገብ ጓዝ ሲጠብቁ የቈዩት 200 ሰዎች ከተዋጉት 400 ጋር ምርኮውን እኩል እንዲካፈሉ ፈርዷል፤ ለእስራኤልም ሥርዐት አድርጎታል። ጓዝ መጠበቅ ይህን ያህል ከተቈጠረ፣ በሚቃጠል መንደር ውስጥ ጓዙን የፈጠረችው ምን ልትባል ነው?

ከነፃነት በኋላ ለአርበኞች ሜዳይ ተሰጥቷል፤ የትግሉ ዘመን በዘንባባ እየተቈጠረ ባለ 5 ዘንባባ የተሸለሙ አሉ። እንዲህ ያለው ሽልማት የሚገባው በማን አዝማች ሥር እንደ ተሰለፈ ለሚታወቅ ሰው ነው። በጓዳዋ የተሰለፈች ሴት አዝማች አልነበራትም፤ ዘንባባውም ከደጇ ሳይደርስ ቀረ። በሌላው ዓለም በዚያው ጦርነት ከ800 ሺህ የማያንሱ የሶቪየት ሴቶች በሠራዊቱ አገልግለዋል ተብሎ ሲጻፍ ቍጥሩ የተገኘው የወታደር መዝገብ ስለ ነበራቸው ነው። በአገራችንም ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው የትጥቅ ትግል ብዙ ሴቶች ነፍጥ ይዘው ስለ ተዋጉ ስለ እነርሱ ብዙ ተጽፏል። መዝገብና ነፍጥ ያላት ትታወሳለች፤ ስልቻ ብቻ የነበራት ትረሳለች።

በ1930 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረች ሴት ዛሬ በሕይወት ብትኖር ዕድሜዋ ከመቶ ያልፋል። ስለዚህ የሚጠየቁት ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ናቸው። በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በአካባቢው ዘመድ ያላችሁ ጓደኞቻችን ወደ ቤት ስትመለሱ ጥያቄውን ለውጣችሁ እንድትጠይቁ እናሳስባለን። «አያቴ አርበኛ ነበረች ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎቹ «የለም፣ አርበኛስ አያትህ ነበሩ» ብለው ይመልሳሉ። «አያቴ ጫካ ሳሉ እህሉን ማን ፈጨ? ማንስ አደረሰ? ቤቱ ሲቃጠል ማን ነበረ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ስም ታገኛላችሁ። ያን ስም ከነአጥቢያው ጻፉት፤ የክፍለ ጦሩ ስም በሚጻፍበት ዐምድ ውስጥም አግቡት።