በተለያየ ክልል የሚሠሩ ባልና ሚስት የደመወዝ ግብር

ባል በአዲስ አበባ ኢምፔሪያል አካባቢ በሚገኝ የግል ድርጅት፣ ሚስት ደግሞ በባሕር ዳር በአማራ ክልል መንግሥት ትምህርት ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ቤተሰቦች ያጋጥማሉ። እነዚህ ባለትዳሮች ግብራቸውን ለማን ይከፍላሉ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በመኖሪያቸው ሳይሆን በቀጣሪያቸው ማንነት ነው።

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 96 ከፌዴራል መንግሥትና ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተቀጣሪዎች የሚሰበሰበውን የሥራ ግብር ለፌዴራሉ መንግሥት፣ በአንቀጽ 97 ደግሞ ከክልል መንግሥትና ከግል ድርጅት ተቀጣሪዎች የሚሰበሰበውን ለክልሎች ሰጥቷል። በመሆኑም የመምህርቷ ግብር ለአማራ ክልል ገቢ ይደረጋል። በዚያው ከተማ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቢያስተምሩ ግን ግብሩ የፌዴራሉ መንግሥት ይሆን ነበር። የባለቤታቸው ግብር በቻርተሩ መሠረት ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ይገባል።

የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነዋሪነትን የሚመዝነው ከኢትዮጵያ አንጻር እንጂ ከክልል አንጻር አይደለም። በአሜሪካ ሁኔታው ይለያል። እዚያ ግዛቶች ነዋሪነትን እየለዩ ግብር ስለሚጥሉ፣ አንዱ በቨርጂኒያ ሌላው በቴክሳስ የሚኖሩ ባለትዳሮች ለፌዴራሉ መንግሥት በጋራ ቢያስታውቁም፣ በግዛት ደረጃ ገቢያቸውን መለየት ሊኖርባቸው ይችላል። ቴክሳስ በግለሰብ ገቢ ላይ ግብር አይጥልም።

በኢትዮጵያ የባልና ሚስት ደመወዝ ለግብር አይደመርም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎች በግል ጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብት ቢያደርገውም፣ የግብር ሕጉ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ይመለከታል። ይህ ደግሞ ለቤተሰቡ ይጠቅማል። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የፌዴራል ማሻሻያ እስከ 2 ሺህ ብር ያለው ወርሃዊ ደመወዝ ከግብር ነፃ ሲሆን፣ ከ14 ሺህ ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ባል 20 ሺህ፣ ሚስት 12 ሺህ ብር ቢያገኙ በዚህ መጣኔ የባል ግብር 4 ሺህ 950፣ የሚስት 2 ሺህ 250፣ በድምሩ 7 ሺህ 200 ብር ይሆናል። 32 ሺህ ብሩ የአንድ ሰው ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ግን 9 ሺህ 150 ብር ይከፈልበት ነበር። ልዩነቱ በወር 1 ሺህ 950 ብር ነው።

ከዚህ በቀር ትዳርም ሆነ ልጅ ማሳደግ ግብር አያስቀንስም። በሁለት ከተማ ሁለት የቤት ኪራይ የሚከፍሉ ባለትዳሮችን ይበልጥ የሚከብዳቸውም ይኸው ነው፤ ተቀጣሪ ኪራዩንም ሆነ ለቤተሰብ ጥየቃ የሚያወጣውን የጉዞ ወጪ ከደመወዙ ላይ ማስቀነስ አይችልም። ግብሩን ቀጣሪው በየወሩ ቀንሶ ስለሚያስገባ፣ ሌላ ገቢ የሌላቸው ባለትዳሮች ግብር ለማስታወቅ ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት መሄድ አያስፈልጋቸውም።

መምህርቷ በዝውውር አዲስ አበባ ቢገቡና በከተማው አስተዳደር ትምህርት ቤት ቢመደቡ፣ ደመወዛቸውና መጣኔው እስካልተለወጠ ድረስ የሚቆረጥባቸው ግብር ያው ሆኖ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው ገንዘቡን የሚቀበለው አስተዳደር ነው።