ዜና ቡፔን ሃዛሪካ፣ የታላቁ ወንዝ አዝማሪ

ድምፅን ለሰው የሰጠ አምላክ ይመስገን። በሕንድ ያለች የአሳም ግዛት ልጅ፣ ግጥምን የሚደርስ፣ ዜማን የሚያወጣ፣ በአሳምኛና በቤንጋሊ፣ በሂንዲም የዘፈነ የቡፔን ሃዛሪካ ዜና ይህ ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈነዋል።

በ1926 ሴፕቴምበር 8 ቀን፣ በሕንድ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በምትገኝ በሳዲያ ተወለደ፤ ለአሥር ልጆችም በኩር ሆነ። እናቱ ቦርጊት የሚባለውን መንፈሳዊ ዜማ አስተማረችው። ቴዝፑር በምትባል ከተማም ይህን ሲያዜም ጂዮቲፕራሳድ አጋርዋላና ቢሽኑ ራባ ሰሙት፤ ሁለቱም የአሳም ጥበብ አባቶች ነበሩ። በ1936 ወደ ካልካታ ወስደው ድምፁን በሸክላ አስቀረጹት። በ1939 አጋርዋላ «ኢንድራማላቲ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ልጁ ዘፈነበት፤ ያን ጊዜ አሳምኛ ገና ሁለተኛ ፊልሙን ማየቱ ነበር።

በ1946 በባናራስ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ትምህርቱን በማስተርስ ፈጸመ፤ በ1949 ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። እርሱ በሰው አገር ሳለ፣ በ1950 ምድር በአሳም ተናወጠች። ወንዞችም መሄጃቸውን ለቀው የተወለደባትን አሮጌዋን ሳዲያን በሏት። በ1952 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ። ነገር ግን ከማዕርጉ ይልቅ የጠቀመው ከፖል ሮብሰን ጋር መተዋወቁ ነው። ያ ጥቁር አሜሪካዊ ስለ ሚሲሲፒ ወንዝ ሲዘፍን የሕዝቡን መከራ ይዘፍን ነበር፤ ቡፔንም የአገሩን ወንዝ ብራህማፑትራን አሰበ። ኋላ «ቢስቲርኖ ፓሮሬ» የተባለውን ዘፈን ደረሰ፤ በዳርና በዳር ያለው ሕዝብ ሲቸገር ዝም ብሎ መፍሰሱን ለወንዙ እንደ ወቀሳ ነገረው። ይህ ዘፈን በአሳምኛ ተወልዶ በቤንጋሊና በሂንዲ ሲገባ ወንዙ ጋንጅስ ሆነ፤ ወቀሳው ግን ያው ነው።

በ1960 በአሳም ስለ ቋንቋ ጠብ ተነሣ፤ አሳምኛ ተናጋሪውና ቤንጋሊ ተናጋሪው ተጋደሉ። ቡፔን በዚያ ቀን ቤቱን ዘግቶ አልተቀመጠም። ከቤንጋሊው ዘፋኝ ከሄማንጋ ቢስዋስ ጋር የዘፋኞች ጓድ ይዞ አገሩን ዞረ። የሁለቱም ወገን ደሀ ገበሬዎች በዜማ ሲነጋገሩ የሚሰማበትን መዝሙር በተቆጣ ሕዝብ ፊት ዘፈኑ። ብዙ ሹማምንት በዚያ ጊዜ ምን እንዳደረጉ አንጽፍም፤ እነዚህ ሁለቱ ግን የሠሩት ይህ ነው።

ከ1967 እስከ 1972 በአሳም ምክር ቤት ተቀመጠ። ፊልምም እየሠራ፣ ለፊልምም እየዘፈነ ኖረ፤ በ1975 በወጣው «ቻሜሊ ሜምሳብ» በሕንድ ሁሉ የምርጥ ፊልም ሙዚቃ ሽልማት ተሰጠው። ስለ ቤቱና ስለ ትዳሩ የሚጠይቅ ቢኖር ያን ለእግዚአብሔር ትተናል።

በ1993 ካልፓና ላጅሚ «ሩዳሊ» የተባለውን የሂንዲ ፊልም ሠራች። ሩዳሊ ማለት በራጃስታን በረሃ ለጌቶች ሞት በገንዘብ የምታለቅስ አልቃሽ ናት። ቡፔን ለዚህ ፊልም አንድ ዘፈን ዜማ ሲያወጣ አዲስ አልፈለገም፤ በ1960ዎቹ «ማኒራም ዴዋን» ለተባለው የአሳምኛ ፊልም ያዘጋጀውን ዜማ አነሣ፤ ጉልዛር የሂንዲ ግጥም ጻፈለት። ላታ ማንጌሽካር ዘፈነችው፤ እርሱም ራሱ ዘፈነው። በሕንድ ፊልም ዘፈን ሥርዓት ዘፋኙ አይታይም፤ ተዋናይ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እርሱ ከመጋረጃ በስተኋላ ይሰማል። ሆኖም በዚህ ፊልም የቡፔንን ድምፅ የሰማ ሁሉ የማን እንደ ሆነ ዐወቀ። የወንዝ አገር ዜማ ውሃ በሌለበት በረሃ ለአልቃሽ ሙሾ ሆነ፤ ከሥራው ሁሉ እኛ ይህን እናስበልጣለን።

ለፊልም ሰው የሚሰጠውን ታላቁን የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት የ1992ቱን ተቀብሎ ነበር። በ2004 ለሕንድ ፓርላማ በጉዋሃቲ ተወዳደረ፤ ይህ አልሆነለትም።

በ2011 ኖቬምበር 5 ቀን በሙምባይ ዐረፈ። አስከሬኑ ወደ ጉዋሃቲ በተመለሰ ጊዜ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ አለቀሰ፤ በወንዙም አጠገብ ሥርዓቱ ተፈጸመ። በ2019 የሕንድ ከፍተኛው ክብር ባራት ራትና ለስሙ ተሰጠ።

ከዚያ በፊት ግን በ2017 ሜይ 26 ቀን ከዶላ እስከ ሳዲያ ድልድይ ተመርቆ ነበር፤ በዚያ ያለውን ወንዝ ቀድሞ በጀልባ ይሻገሩት ነበር። የድልድዩ ርዝመት 9.15 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስሙም የቡፔን ሃዛሪካ ድልድይ ተባለ።