የይፋትን ወሬ ከማን ሰማነው?

በመጋቢትና ሚያዝያ 2013 በሰሜን ሸዋና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወሰን ጥይት ሲዘንብ፣ አጣዬ ስትቃጠል፣ ሸዋ ሮቢት ስትታመስ፣ ዜናው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ወገን «ሸኔ ነው» አለ፤ ሌላው «የአማራ ልዩ ኃይል ነው» አለ። በወሰኑ ግራና ቀኝ ግን በአንድ ሶፍ የምንሰግድ ሙስሊሞች አለን።

ይህ ለይፋት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1332 ዓፄ ዓምደ ጽዮን የይፋቱን ሰብረዲን ሲወጉ፣ የዘመቻውን ታሪክ የጻፈልን የንጉሡ ወገን ነው። የዚያው ዘመን ዐረብ ጸሐፊ አል-ዑመሪም አገራችንን በዓይኑ አላየም፤ ካይሮ ከመጡ ሰዎች ጠይቆ ጻፈ። እሱ ግን የነገረውን ሰው፣ ሸይኽ ዐብደላህ አዘይለዒን፣ በስም ጠቀሰ። ኢስናድ ማለት ይኸው ነው።

የዛሬው ወሬ ግን ባለቤት የለውም። ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 ሳናጣራ ሰው ጎድተን እንዳንጸጸት ያስጠነቅቀናል። ስለዚህ ሼር ከማድረጋችን በፊት እንጠይቅ፦ ማን አየ? የት? መቼ? የወዲያኛው ሟችስ ተቆጥሯል? የኛን ጀናዛ ብቻ የሚያሳየንን ዜና ከሁሉ አስቀድመን እንጠርጥር።

አላህ ይፋትን ሰላም ያድርግልን። አሚን።