ያልተሸነፈው አሰልጣኝና የተሻረው ፕሬዚዳንት

እ.ኤ.አ. በ1908 ጊል ዶቢ የተባለ የሕግ ምሩቅ በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አሰልጣኝ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ከአገሪቱ ዝነኛ የትምህርት ማዕከላት እጅግ የራቀ፣ ገና ስም በመገንባት ላይ ያለ ተቋም ነበር። ዶቢ በመራቸው 9 የውድድር ዘመናት ቡድኑ 58 ጊዜ አሸነፈ፣ 3 ጊዜ አቻ ወጣ፣ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም።

የ1916ቱ ዘመን ግን በግጭት ተዘጋ። ከካሊፎርኒያ ጋር የሚደረገው የመጨረሻ ግጥሚያ ሲቃረብ፣ በፈተና አጭበርብሯል የተባለ አንድ ተጫዋች ታገደ። ጓደኞቹ ልምምድ አቁመው አደሙ፤ አሰልጣኙም ከጎናቸው ቆመ። በኋላ አድማው ተነሣ፤ ቡድኑ ካሊፎርኒያን አሸንፎ የፓስፊክ ኮስት ኮንፈረንስ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ታኅሣሥ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሄንሪ ሱዛሎ የዩኒቨርሲቲው ዋና ተግባር ሥነ ምግባር ማነጽ መሆኑን በመግለጽ ዶቢን አሰናበተው።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። የድል ጥቅም በየቅዳሜው በሜዳ ላይ ይታያል፤ የተጭበረበረ ፈተና ጉዳት ግን ዘግይቶ የሚደርስና በሁሉም ተመራቂ ዲግሪ ላይ የሚከፋፈል ነው። ስለዚህ ለድሉ የሚጮኽ ብዙ ነው፤ ለፈተናው የሚሟገት ጥቂት። ዩኒቨርሲቲው ዋጋውን ወዲያው ከፈለ፤ በ1917 ቡድኑ በካሊፎርኒያ ተሸንፎ ለዓመታት የዘለቀው ጉዞ ተቋረጠ። ዶቢ ግን ብዙም አልተጎዳም፤ ኋላ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከ1921 እስከ 1923 ድረስ ሦስት ዘመናት ሳይሸነፍ አሳለፈ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ የመርሕ ድል ተብሎ በተጻፈ ነበር። ሱዛሎ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንጨት ኢንዱስትሪ የ8 ሰዓት የሥራ ቀን እንዲሠራበት ደግፎ ነበር። በእንጨት ሥራ የከበረውና ይህን አሠራር አጥብቆ የተቃወመው ሮላንድ ሃርትሊ በ1925 የግዛቲቱ ገዥ ሆነ፤ የዩኒቨርሲቲውንም የቦርድ አባላት በራሱ ሰዎች መተካት ያዘ። በጥቅምት 1926 አዲሱ ቦርድ ሱዛሎን ከሥልጣን አነሣ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት የሚጠራው በእርሱ ስም ነው።

ሁለቱ ስንብቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ነገር ያስተምራሉ። በ1916 ፕሬዚዳንቱ እጅግ ተወዳጅ በሆነ ሰው ላይ ደንብ ማስከበር የቻለው ከጀርባው የማይነቃነቅ ቦርድ ስለነበረው ነው። በ1926 ቦርዱ ራሱ ሲለወጥ ያ ከለላ አብሮ ሄደ። የአንድ መሪ ጽናት ተቋም አይሆንም። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አገር ቤትም የሚነሣው ዋና ጥያቄ ይኸው ነው፦ ቦርዱን ማን ይሾማል? በምን ምክንያትስ ሊሽረው ይችላል? የራስ ገዝነት ልክ የሚታወቀው በዚህ መልስ ነው።