መቂ ወንዝ

መቂ ወንዝ በኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ውስጥ የሚገኝ ወንዝ ነው። ከጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ተዳፋት ይነሣል፤ በቡታጅራ ዙሪያ ያሉትን ጅረቶች ሰብስቦ ወደ ምሥራቅ ሸዋ ይወርድና፣ ስሙን በምትጋራው በመቂ ከተማ አጠገብ አልፎ ዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ይገባል። የተፋሰሱ ስፋት ወደ 2,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሐይቁን በዋናነት የሚመግቡት ወንዞች ሁለት ናቸው፦ ከምዕራብ መቂ፣ ከአርሲ ተራሮች ደግሞ ከታር።

የውኃ መለያያ

የጉራጌ ተራሮች ጫፍ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በዚህ ሸንተረር ላይ የሚጥል ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። በምዕራብ በኩል የወረደው በወልቂጤ አካባቢ በሚያልፈው ዋቤና በሌሎች ገባሮች በኩል ጊቤን፣ ከዚያም ኦሞን ተከትሎ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። (ይህ ዋቤ በሶማሌ ክልል ከሚያልፈው ዋቤ ሸበሌ ጋር በስም ብቻ ይመሳሰላል።) በምሥራቅ በኩል የወረደው መቂን ይቀላቀላል። ከሁለቱ አንዱም ባሕር አይደርስም።

መልክዓ ምድር

ወንዙ ከደጋው ተነሥቶ 1,636 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እስካለው ሐይቅ ድረስ ወደ 2,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ላይኛው ክፍል ቀዝቃዛና ገደላማ ሲሆን የእንሰትና የገብስ አገር ነው። እንሰት ዓመቱን ሙሉ መሬቱን ሸፍኖ ስለሚቆይ አፈሩ በዝናብ እንዳይታጠብ ያግዛል። ዝቅ ሲል በበርበሬው የታወቀው የማረቆ ሜዳ ይገኛል፤ እዚህ ማሳው የክረምቱን መግቢያ የሚቀበለው ታርሶ፣ ባዶውን ነው።

ከታች ያለው አፈር ደግሞ በራሱ ለመሸርሸር የተመቸ ነው። ከሺህ ዓመታት በፊት ዝናቡ ከዛሬው ይበዛ በነበረበት ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢያታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ሲሞላም ወደ ሰሜን ተርፎ አዋሽን ይቀላቀል ነበር። ሐይቁ ሲሸሽ የተወው ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ ልል ስለሆነ ጎርፍ በቀላሉ ይቦረቡረዋል። መቂ በክረምት ቡናማ ሆኖ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓሣ

ከወንዙ ዓሦች አንዱ በሳይንስ ስሙ ጋራ ማኪኤንሲስ ይባላል፤ መጠሪያው የተወሰደው ከመቂ ነው። የጋራ ወገን ዓሦች ከአፋቸው ሥር ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፈው ኃይለኛ ፍሰትን ይቋቋማሉ። በበጋ እየሳሳ በክረምት ደራሽ ለሚሆን ወንዝ ከዚህ የተሻለ መላ አይገኝም።

አጠቃቀምና ጫና

በወንዙ ታችኛው ክፍልና በሐይቁ ዳር ገበሬዎች በሞተር ፓምፕ ውኃ እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታሉ። ውኃው በብዛት የሚፈለገው ግን በበጋ፣ ወንዙ ራሱ በሚያንስበት ወቅት ነው። ዝዋይ በአማካይ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ያለው ሐይቅ በመሆኑ የገባሮቹ መቀነስም ሆነ የሚያመጡት ደለል ቶሎ ይታይበታል። ከዝዋይ የሚተርፈው ውኃ በቡልቡላ ወንዝ አቢያታ ሐይቅ ይደርሳል። አቢያታ መውጫ የለውም፤ ከላይ ውኃ ሲያንስ ዳርቻው ይሸሻል፣ ጨዋማነቱም ይጨምራል። ባለፉት አሥርት ዓመታት የሐይቁ ስፋት በጉልህ ቀንሷል። ለዚህም ከመስኖው በተጨማሪ ከራሱ ከአቢያታ ውኃ የሚስበው የሶዳ አሽ ምርትና የዝናብ መዋዠቅ አስተዋጽኦ አድርገዋል።